ሁለት ኦፕሬተር በአንድ የውስጥ አንቴና ይሄዳል ወይ? (ጅማ፣ ባለ 5 ፎቅ ሆቴል)

የአዌቱ ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ። ጅማ ሄርማታ አካባቢ አንድ ባለ 5 ፎቅ ሆቴል አለ፣ የመብራቱን ሥራ የያዝኩት እኔ ነኝ። ምድር ቤቱ የሰርግ አዳራሽ ነው። እዚያ ከወረድክ ስልክህ ሰዓት ከማየት ውጪ ምንም አይሠራም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንደኛው የስልክ ኦፕሬተር መጥቶ የውስጥ አንቴና ዘረጋ። ሲግናሉን የሚያወጣው ማሽን ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከሱ ወፍራም ኬብል ይወጣና ስፕሊተር ላይ ለሁለት ተከፍሎ በቀኝና በግራ ወደ ፎቆቹ ይሄዳል። ጣሪያው ላይ 14 አንቴና አለ፣ እንደ ተደፋ ሲኒ። የዚያ ኦፕሬተር ሲም ያለው ሰው ተገላገለ።

የሌላኛው ሲም ያለው ግን አሁንም ጨለማ ውስጥ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የሙሽራዋ አባት ታች ናቸው፣ ኬክ ያመጣው ሹፌር በር ላይ ቆሞ ይደውላል፣ የሚሰማው «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ብቻ። ኬኩ ሩብ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመ። ሐጂ (ባለቤቱ) ተናደዱ። ሁለተኛው ኦፕሬተርም ማሽኑን ሊያመጣ ፈቃደኛ ነው፣ ሐጂ ግን ጂፕሰሙ ገና አዲስ ነው፣ ሌላ ሲኒ ጣሪያዬ ላይ አላይም ብለዋል። አንድ ቴክኒሻን መጥቶ «ቀላል ነው፣ ሁለት መንገድ ስፕሊተር ገልብጠን ሁለቱንም ማሽን እናስገባበታለን» አለኝ። እኔ መብራት ላይ እንጂ ሬዲዮ ላይ ብዙም አይደለሁምና ልጠይቅ፦ ይሠራል ወይስ ጉድ ያመጣብኛል?

ዲቢ ቆጣሪ፦

ወንድሜ እጅህን ሰብስብ፣ ስፕሊተሩን አትገልብጥ።

ተራ ስፕሊተር ሲገለበጥ ሲግናሉን ያሳልፋል፣ እሱ እውነት ነው። ችግሩ ሁለቱን ማሽኖች እርስ በርስ አይከልላቸውም። በሁለቱ አፎች መሀል ያለው መከለያ 6 ዲቢ ገደማ ነው (ዲቢ ሲግናሉ ምን ያህል እንደቀነሰ መለኪያ ነው፤ 6 ዲቢ ማለት ሩቡ ያልፋል)። አንዱ ማሽን 20 ዋት ቢያወጣ 5 ዋት ያህሉ ቀጥታ ወደ ሌላኛው ማሽን አፍ ይገባል ማለት ነው። ያ ማሽን ደግሞ የተሠራው ለማውጣት እንጂ ለመዋጥ አይደለም።

የምትፈልገው ሃይብሪድ ካፕለር የሚባለውን ነው። ሁለት መግቢያ፣ ሁለት መውጫ አለው። በሁለቱ መግቢያዎች መሀል ያለው መከለያ 30 ዲቢ ከሆነ ያ 5 ዋት ወደ 20 ሚሊዋት ይወርዳል። መውጫ ላይ ያለው አንቴናና ኬብል ጤነኛ መሆን አለበት ግን፤ ተመልሶ የሚመጣ ሲግናል ካለ መከለያውም ይቀንሳል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚያማርረው ሃይብሪድ 3 ዲቢ ይበላል፣ ማለትም ጉልበቱን በግማሽ ይቀንሳል እያለ ነው። አንዱን መውጫ ብቻ ተጠቅመህ ሌላውን በሎድ (ጉልበቱን በሚውጥ መዝጊያ) ከዘጋኸው አዎ፣ ግማሹ እዚያ ሎድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አንተ ግን ምን አልክ? ኬብሉ ለሁለት ተከፍሎ በቀኝና በግራ ይሄዳል አልክ። በቃ! ያንን የመጀመሪያ ስፕሊተር አውጥተህ ሃይብሪዱን በቦታው ግጠም። አንዱ መውጫ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። ሁለቱም መውጫ ላይ የሁለቱም ኦፕሬተር ሲግናል አለ። የነበረው ስፕሊተርም እኮ ያንኑ 3 ዲቢ ይወስድ ነበር፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ኦፕሬተር ምንም አልተጎዳም። ሎድ የሚባል ነገርም አያስፈልግህም።

ባጃጅ77፦

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ከሱቅ ቦስተር (ሲግናል ማጉያ) ገዝቶ ጣሪያ ላይ መስቀል ነው እንጂ።

ዲቢ ቆጣሪ፦

ባጃጅ77፣ የሱቁ ቦስተር ያገኘውን ሁሉ ያጮሃል፣ ጩኸቱንም ጨምሮ። የላዩ አንቴና የታችኛውን ከሰማ ደግሞ እንደ ሰርግ ቤት ማይክ ማፏጨት ይጀምራል፣ ያኔ የሰፈሩ ማማ ነው የሚደነቁረው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚባል ተቆጣጣሪ እንዳለም አትርሳ።

እታለም 50 ኦም፦

ዲቢ ቆጣሪ ያለው ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ዘሏል። መጀመሪያ ሁለቱ ኦፕሬተሮች በየትኛው ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) እንደሚገቡ ጠይቅ። አንዱ በ900፣ ሌላው በ2100 ሜጋኸርዝ ብቻ ከሆነ ሃይብሪድም አያስፈልግ፤ ዳይፕሌክሰር ይበቃሃል። እሱ በፊልተር ስለሚለይ የሚበላው ከግማሽ ዲቢ ብዙም አይርቅም። በአንድ ባንድ ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ግን ፊልተር ሊለያቸው ይከብዳል፣ ያኔ ሃይብሪድ ነው።

ሁለተኛው ነገር እኔን ያቃጠለኝ ነው። ሌላ ከተማ አንድ ሕንፃ ላይ እንዲሁ ሁለት ኦፕሬተር አቀላቀልን። ስልኩ ላይ ባሩ ሙሉ ነው። ስትደውል ግን ወይ አይወጣም፣ ወይ ድምፁ ይቆራረጣል። ሦስት ቀን ማሽን ስንቀይር ኖርን። ለካስ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ኮኔክተር በጣት ብቻ ነው የታሰረው፤ ስፈታው ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ኬብሉን የቆረጠው ሰው ሳይጠርግ የተወው። ያ ኮኔክተር አንድ ኦፕሬተር ብቻ በነበረ ጊዜ ማንንም አልረበሸም። ሁለት ብርቱ ሲግናል ሲያልፍበት ግን ሦስተኛ ፍሪኩዌንሲ መውለድ ጀመረ። ፒም ይሉታል።

ቁጥሩን እየው። 900 ባንድ ላይ ማሽኖቹ በ935 እና በ960 ሜጋኸርዝ ቢያወጡ፣ 935 እጥፍ ሲደረግ 1870፣ ከሱ 960 ሲቀነስ 910። 910 ደግሞ ስልኮች ወደ ማሽኑ የሚናገሩበት ክልል ውስጥ ነው። የስልክህ ጉልበት በ3ጂና በ4ጂ ቢበዛ 0.2 ዋት ገደማ ነው፣ ማሽኑ ጋ ሲደርስ ደግሞ ሽርፍራፊ። ስለዚህ ማሽኑ የራሱን ጩኸት እየሰማ አንተን አይሰማህም። ባሩ ሙሉ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ባሩ የሚያሳየው አንተ የምትሰማውን እንጂ እሱ የሚሰማውን አይደለም።

ስለዚህ ሃይብሪዱን ከመግጠምህ በፊት የዱሮውን መስመር በሙሉ በፒም መለኪያ አስለካ። ኦፕሬተሮቹ መሣሪያው አላቸው። ኮኔክተር በቶርክ ቁልፍ እንጂ በጣት አይታሰርም። የጅማን ዝናብ ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ፣ ውሃ የነካው ኮኔክተር ካለ ጣለው።

ሌላው፣ የተዘረጋው ኬብል የመጀመሪያው ኦፕሬተር ንብረት ይሆናል። በጽሑፍ ካልተስማማ አትንካው፣ ነገ ሲበላሽ ጥፋቱ ወዳንተ ነው የሚዞረው።

የአዌቱ ልጅ፦

እታለም እግዜር ይስጥልኝ፣ ዲቢ ቆጣሪ አንተም ኑርልኝ። ወረቀታቸውን አየሁ፣ አንድ ባንድ ላይ ይጋጠማሉ፣ ስለዚህ ሃይብሪድ ነው። ሦስተኛ ኦፕሬተር ቢመጣስ?

ዲቢ ቆጣሪ፦

ያኔ አራት መግቢያ አራት መውጫ ያለው አለ። እያንዳንዱ መውጫ ሩቡን ነው የሚያገኘው፣ 6 ዲቢ ማለት ነው። ከ2015 በፊት ይሄ ጥያቄ ራሱ አልነበረም እኮ፣ አንድ ኦፕሬተር ብቻ ነበር። አሁን ለሐጂ ስትሠራ ክፍሏ ውስጥ ለሌላ ማሽን የሚሆን ቦታና መብራት ተው፣ በኋላ ግድግዳ ከመስበር ይሻላል።

የአዌቱ ልጅ፦

ለተከታተላችሁት፦ ዛሬ ከመጀመሪያው ኦፕሬተር ልጆች ጋር ጣሪያውን ከፍተን አየን። ከ14ቱ አንቴና የሦስቱ ኮኔክተር በእጄ ተፈታ። በእጄ! አንዱ ምድር ቤት፣ ልክ ከሙሽሮቹ ወንበር በላይ ያለው ነው፣ ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። ልጆቹ ሦስቱንም ቆርጠው አዲስ ገጠሙ፣ ማክሰኞ የፒም መለኪያውን ይዘው ይመለሳሉ። የስምምነቱ ወረቀት ሐጂ ጋ ነው፣ ሳያነቡ አልፈርምም ብለው መነጽራቸውን እየፈለጉ ነው። ያ ስፕሊተር እንገልብጥ ያለኝ ቴክኒሻን ደውሎ ነበር፣ ምድር ቤት ስለነበርኩ አላገኘኝም።