የፊት ሾክ እየቀየርኩ የመሀሉ ዳዶ አልፈታ አለኝ፤ መኪናው ክሪክ ላይ ነው

የሰሚቱ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የፊት የግራ ሾክ አብዞርበር ዘይት አፍስሶ እየቀየርኩ ነው። ጎማው ወልቋል። ኮፈኑን ከፍቼ ከላይ መሀል ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ ልፈታ ስል የሾኩ ዘንግ አብሮ ይዞራል። ደብሊውዲ 40 ነፍቼ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፤ ያው ነው። ዘንጉን በፒንሳ ልያዘው? አዲሱን ሾክ ገዝቻለሁ፣ የግራውን ብቻ። ነገ ጠዋት 1 ሰዓት መኪናው ያስፈልገኛል።

ሮንዴላ፦
ደግመህ ንፋው። ዝገት ጊዜ ይፈልጋል።

የጎፋው፦
አቁም ወንድሜ! ቁልፉን አስቀምጥ። የመሀሉ ዳዶ ሾኩን ከመኪናው ጋር የሚያስር አይደለም፤ የታመቀውን ሞላ ጠርንፎ የያዘው እሱ ነው። መኪናው ላይ እንዳለ ከተፈታ ሞላው ባንዴ ይለቀቃል፤ እጅህ ወይም ፊትህ መንገዱ ላይ ከነበረ አለቀ። እስካሁን አለመፈታቱ እግዜር ሲጠብቅህ ነው።
ሾኩ የሚወጣው ከነሞላው ነው። በመሀሉ ዳዶ ዙሪያ 3 ትናንሽ ዳዶዎች አሉ፣ ከታች ደግሞ ከጎማው መያዣ ጋር የሚያስሩት 2 ትልልቅ ቡሎኖች። የምትፈታው እነሱን ነው። ለመሆኑ መኪናህ ምንድን ነው?

ብረት ክንድ፦
በንፋስ የሚሠራ ቁልፍ ብትመታው በሁለት ሰከንድ ይወጣል። ዘንጉ ለመዞር ጊዜ አያገኝም።

የጎፋው፦
ብረት ክንድ፣ የነገርከው እውነት ነው፤ ግን ሞላው በመጭመቂያ ከተያዘ በኋላ ነው የሚሠራው። መጭመቂያ ለሌለው ሰው እንዲህ አትምከር።

የሰሚቱ፦
ኮሮላ 2004 ነው፣ መናገር ረስቼ። ኮብልስቶን ላይ ኳ ኳ ስለሚል ነው የገባሁበት። እሺ፣ የመሀሉን ተውኩት።

ጋሽ ካቫሌቶ፦
ልጄ፣ ሁሉም ስለ ዳዶ ያወራል፤ እኔ የምጠይቅህ መኪናው በምን ላይ ነው የቆመው? ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም፤ ዘይቱን ሊያፈስ፣ እግሩም ሊንሸራተት ይችላል። ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን። አፈር ከሆነ ክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ አድርግ። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ደግፍ። ከዚያ በር ሥር ባለው ጠንካራ ቦታ ካቫሌቶ (የብረት ማቆሚያ) አስገባና መኪናውን እሱ ላይ አሳርፈው። የፈታኸውን ጎማና ስኮርቱን አነባብረህ ከሥር አስተኛቸው። ካቫሌቶ ከሌለህ ዛሬ ሥራው ይቅር፣ ጎማውን መልስና አውርደው።

እቴ ቡሎን፦
ወንድሜ፣ ኳኳታው ከሾኩ ነው ያለህ ማነው? ዘይት ያፈሰሰ ሾክ መኪናውን ያዘልላል እንጂ ብዙ ጊዜ ኳ ኳ አያደርግም። ትንንሽ ጉድጓድ ላይ የሚያንኳኳው አብዛኛውን ጊዜ ስታብላይዘር ሊንክ ነው፤ ከሾኩ ጎን የታሰረች፣ ጫፏ ላይ ኳስ ያላት ቀጭን ዘንግ። አሁን ጎማው ወልቆ ሳለ ጨብጠህ ነቅንቃት። ከተንኳኳች እሷም ትቀየር። መሪ ስታዞር የሚሰማህ ከሆነ ደግሞ የላይኛው ማውንቲንግ ኩሽኔታ ነው።

የሰሚቱ፦
ካቫሌቶ ከጎረቤት አምጥቼ አሳረፍኩት። ሊንኳ ትንቀጠቀጣለች! የ3ቱ ዳዶና የ2ቱ ቡሎን ቅደም ተከተል እንዴት ነው?

የጎፋው፦
መጀመሪያ የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ ሽቦውን ከሾኩ ላይ አላቅ። ሊንኩን ስትፈታ ኳሱ ከዳዶው ጋር ከዞረ ጫፉ ላይ ባለው ቀዳዳ በአለን ቁልፍ ያዘው። ቀጥሎ የታችኞቹ ቡሎኖች የተቀመጡበትን ዙሪያ በነጭ ቀለም ምልክት አድርግ፤ ቀዳዳው ልል ስለሆነ ጎማው የቆመበት ማዕዘን የሚወሰነው እዚያ ነው። የእነዚህን ቡሎኖች ዳዶዎች አውጣ፣ ቡሎኖቹን ግን ገና አትምታ። የጎማውን መያዣ ከነፍሬኑ በሽቦ ወደ ውስጥ እሰረው። ካላሰርከው ወደ ውጭ ይገለበጥና ቱቦው ይወጠራል፣ የአክስሉም የውስጥ ጆይንት ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ቡሎኖቹን አውጣ። የላይኞቹን 3 ዳዶዎች በ14 ቁልፍ መጨረሻ ላይ ፍታ፣ አንድ እጅህ ሾኩን ከሥር ደግፎ። ከባድ ነው።

ሮንዴላ፦
የታችኞቹ ካስቸገሩ ደብሊውዲ 40 ንፋባቸው። ቡሎኑን ይዘህ ዳዶውን አዙር።

የሰሚቱ፦
ወጣ! ከነሞላው መሬት ላይ ነው። መጭመቂያ የለኝም። በወፍራም ገመድ ወይም ሽቦ ባስረውስ?

የጎፋው፦
በፍጹም። ገመድ ይለጠጣል፣ ሽቦ ይበጠሳል። እዚህ ድረስ ጥሩ ሠርተሃል፤ የቀረውን ለሰው ስጠው። አሮጌውን ከነሞላው፣ አዲሱን ሾክ፣ አዲስ የአቧራ መከላከያና የሾኩ ዘንግ ላይ የሚገባውን ጎማ ይዘህ በታክሲ መጭመቂያ ወዳለው ጋራዥ ሂድ። ሥራው አጭር ነው፤ መልሰህ የምትገጥመው አንተ ነህ። ቀኙንም ግዛ። አንዱ አዲስ ሌላው የላላ ከሆነ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ስትገዛ የግራና የቀኙን አትቀላቅል፣ የቱቦውና የሊንኩ ማሰሪያ ይለያያል።

እቴ ቡሎን፦
መጭመቂያ ተውሰህ ራስህ ልሥራ ካልክ፦ ሁለቱን መንጠቆዎች ፊት ለፊት አድርግ፣ በተቻለ መጠን ብዙ ጥምዝ እንዲይዙ። አንዱን ጥቂት ዙር፣ ከዚያ ሌላውን፣ እየተፈራረቅክ በእጅ ቁልፍ አጥብቅ። ሞላው በመቀመጫው ላይ በጣትህ ሲነቃነቅልህ ብቻ የመሀሉን ዳዶ ፍታ። ፊትህን ከዘንጉ ጫፍ አቅጣጫ አርቅ።
ፒንሳ ያልከውን ደግሞ እርሳው። አዲሱን የሚያብለጨልጭ ዘንግ ፒንሳ ከነከሰው፣ ያ ጭረት በወጣና በገባ ቁጥር የላይኛውን ማኅተም (ዘይቱን የሚይዘውን ጎማ) ይፍቃል፤ ሾኩ ሳይቆይ ዘይት ያፈሳል። ዘንጉን መያዝ ያለብህ ጫፉ ላይ ባለው ጠፍጣፋ ጎን ወይም የአለን ቀዳዳ ነው። ከመግጠምህ በፊት አቁመህ 4 ወይም 5 ጊዜ እስከ መጨረሻው ጫን ሳብ አድርገው፤ ተኝቶ የቆየ ሾክ ውስጥ አየርና ዘይት ይቀላቀላል።

ብረት ክንድ፦
ሶማሌ ተራ ያገለገለ ከነሞላው ብትገዛ መጭመቂያም አያስፈልግህ።

እቴ ቡሎን፦
ያገለገለ ከገዛህ ዘንጉን በብርሃን እያዞርክ እይ። ዝገት ወይም ጭረት ካለው፣ ማኅተሙ ዙሪያ እርጥብ አቧራ ከተለጠፈበት፣ ስትጭነው መሀል ላይ ባዶ የሚሆን ቦታ ካለው ተወው።

የጎፋው፦
ስትመልስ የላይኞቹን 3 ዳዶዎች 39 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው)፣ የታችኞቹን ወደ 153፣ የጎማውን 103። የመሀሉን ዳዶ ሞላው መጭመቂያው ውስጥ እያለ 47። ፍሬን ቱቦው እንዳልተጠማዘዘ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጫፍ አዙረህ እይ። ቀለሙ ላይ ብትመልሰውም አላይመንት አስለካ፣ ካልሆነ የፊት ጎማህን አንድ ጎን ይበላዋል።

ጋሽ ካቫሌቶ፦
ልጄ፣ ጋራዡ ሲገጥምልህ የሞላው የታችኛው ጫፍ በመቀመጫው ደረጃ ላይ ልክ መግባቱን እይ። ካልገባ መንገድ ላይ በጉልበቱ ይዞርና ያንኳኳል። ፎቶ አንሳና አሳየን።