ትልቁን የጋራ አካፋይ ከልኬት ጋር አያይዞ ለማስተማር፦ የጋራ ሐሳብ ማዘጋጃ ውይይት

አስተባባሪ፦ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ስለ ትልቁ የጋራ አካፋይ፣ ማለትም ሁለት ቁጥሮችን ያለ ቀሪ ስለሚያካፍለው ትልቁ ቁጥር፣ አስተማማር ለምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለውን መነሻ አቀርባለሁ። ትምህርቱ በአብዛኛው አካፋዮችን በመዘርዘር ስለሚጀመር፣ ተማሪው መልሱን አግኝቶም መልሱ የምን መጠን እንደሆነ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ስለዚህ 4.2 ሜትር በ3.15 ሜትር የሆነን ወለል ምንም ሳይቆረጥ በእኩል ካሬ ንጣፎች በመሸፈን እንዲጀመር እጠይቃለሁ። የ420 እና የ315 ሴንቲሜትር ትልቁ የጋራ አካፋይ 105 በመሆኑ 12 ንጣፎች ይበቃሉ።

ምክትል ጸሐፊ፦ በመነሻው እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ ጎኑ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ንጣፍ ለሥራ አይመችም። የ105 አካፋዮች፣ ማለትም 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 15፣ 21፣ 35 እና ራሱ 105፣ ሁለቱንም ጎኖች ያለ ቀሪ ስለሚያካፍሉ፣ ከእነዚህ ውጭ በሙሉ ሴንቲሜትር የሚገጥም ሌላ መጠን የለም። ባለ 35 ሴንቲሜትሩ ቢመረጥ 12 በ9፣ በድምሩ 108 ንጣፎች ያስፈልጋሉ። ምርጫው የተማሪው ይሁን፤ ምክንያቱንም ይጻፍ።

አንዲት መምህርት፦ አሃዱን በተመለከተ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር አሳስባለሁ። ተማሪዎቼ ነጥቡን ብቻ አጥፍተው የ42 እና የ315ን ትልቁን የጋራ አካፋይ ይፈልጉና 21 ያገኛሉ። አስቸጋሪው ነገር ባለ 21 ሴንቲሜትር ንጣፍ ወለሉን በትክክል መሸፈኑ ነው፤ 20 በ15 ሆኖ ይገጥማል። መልሱ ትልቁ ባይሆንም በማካፈል ብቻ ያረጋገጠ ተማሪ ስሕተቱን አያገኘውም፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት ትክክል ብዬ አርሜዋለሁ።

ሌላ አባል፦ ከመዘርዘር ይልቅ የግሪኩ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ የጻፈው የመቀናነስ ስልት፣ ማለትም ትንሹን ከትልቁ ደጋግሞ መቀነስ፣ ይቅደም እላለሁ፤ በወረቀትና በመቀስ ይሠራልና። ከወለሉ ሥዕል ላይ ባለ 315 ካሬ ተቆርጦ ሲነሣ 105 በ315 የሆነ ቁራጭ ይቀራል፤ እርሱም ያለ ትርፍ ለሦስት ካሬዎች ይከፈላል። ለ403 እና ለ434 ሊትር የጋራ መስፈሪያ ሲፈለግም ልዩነታቸው 31 ነው፤ 31 ደግሞ 403ን 13 ጊዜ ስለሚያካፍል ፍለጋው እዚያው ያበቃል። አካፋይ የሚዘረዝር ተማሪ ግን 403ን ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ነው ብሎ ሊተወው ይችላል።

አስተባባሪ፦ ሦስቱንም ተቀብዬ አንቀጹን እንዲህ አርሜዋለሁ፦ «ተማሪው ልኬቶቹን አስቀድሞ ወደ አንድ አሃድ ይለውጣል፤ ትልቁን የጋራ አካፋይ በመቀናነስ ያገኛል፤ ከአካፋዮቹም ለሥራው የሚስማማውን መርጦ ምክንያቱን ይገልጻል።» የመጋዝ ብክነት፣ ማለትም መጋዙ ሲቆርጥ የሚያባክነው፣ የሚታሰብባቸውን ጥያቄዎች ለጊዜው ትተናቸዋል።

ምክትል ጸሐፊ፦ ተስማምቻለሁ። በአባሪው የችካል ጥያቄ ይግባልን፦ 42 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ ቦታ ዙሪያውን በየ6 ሜትሩ ሲቸከል 24 ችካሎች ይፈልጋል፤ የ42 ሜትሩ ጎን ለብቻው ሲቸከል ግን ክፍተቶቹ 7፣ ችካሎቹ 8 ናቸው። ረቂቁን እኔ አዘጋጃለሁ፤ መምህርቷ አሃዶቹን ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።