ልጄ ያወረደው ፊልም ያልጠራሁትን እንግዳ ይዞብኝ ገባ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የልደታዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤት ውስጥ አንድ ዴስክቶፕ አለን፤ ዊንዶውስ 10 ነው። ቀን ቀን እኔ የሦስት ሱቆች ሒሳብ እሠራበታለሁ። ማታ የ13 ዓመት ልጄ ይወርሰዋል።

ባለፈው ቅዳሜ በቶረንት፣ ማለትም ሰዎች ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በሚለዋወጡበት መንገድ፣ ፊልም አወረደ። ፎልደሩ ውስጥ ሦስት ነገር ነበር። 1.4 ጊጋ የሚሆን ፊልም፣ አንዲት የጽሑፍ ፋይል፣ እና "ኮዴክ" ምናምን የሚል 2 ሜጋ የማይሞላ ፋይል። ፊልሙ አልከፈት አለው። የጽሑፍ ፋይሏ ደግሞ "መጀመሪያ ኮዴኩን ጫን" ትላለች። ጫነው። እኔ ዳቦ ግዛ ስለው አምስቴ የሚያስለምነኝ ልጅ ለማያውቀው ሰው እንዲህ ይታዘዛል!

ፊልሙ አሁንም አልተከፈተም። ከዚያ ወዲህ ግን ክሮም በከፈትኩ ቁጥር የማላውቀው የመፈለጊያ ገጽ ይመጣል። በስክሪኑ ጥግ "ኮምፒውተርዎ 5 ቫይረስ ተገኝቶበታል" የሚል ነገር ብቅ ይላል። ምንም ሳልሠራበትም ፋኑ ይጮኻል።

ሌላም አለ። ዋይፋዩን ከፊት ለፊት ጎረቤታችን ጋር ተካፍለን ነው የምንከፍለው። ፊልም ለመለዋወጥ እንዲመች ብለን ዲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ አንድ ፎልደር ሼር አድርገናል። አሁን እዚያ ውስጥ ማንም አላስገባሁም የሚላቸው ፋይሎች አሉ። ጎረቤቴ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ደፍሬ "እርስዎ ነዎት ወይ?" ማለት ከበደኝ። ልቤ ግን እሳቸውን ይጠረጥራል።

ወሩ ሳያልቅ የማስረክበው ሒሳብ አለኝ። ፎርማት ላስደርገው ወይስ ሌላ መላ አለ? ለወደፊቱስ?

መልስ፦ ጠጋኙ

አይዞሽ እህቴ። ስታዲየም አካባቢ ኮምፒውተር ጥገና ላይ ነው የምሠራው፤ እንዲህ ያለው ነገር ለኛ የዕለት እንጀራ ነው።

መጀመሪያ የዊንዶውስን የራሱን አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደርን፣ አፕዴት አድርጊው። እንዳለቀ ዋይፋዩን አቋርጪ። ቀጥለሽ የሒሳብ ፋይሎችሽን ብቻ በንጹሕ ፍላሽ ገልብጪ። ኤክሴሎቹንና ወርዶቹን ማለቴ ነው፤ "ሴትአፕ" የሚል ነገር እንዳታነሺ። ፍላሹን ነቅለሽ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው። ተሰክቶ የሚውል ቅጂ፣ ቅጂ አይባልም።

ከዚያ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ "ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን" ግቢ። "ስካን ኦፕሽንስ" ስትዪው ከሚመጣው ዝርዝር "ኦፍላይን ስካን" የሚለውን ምረጪ። ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሳይገባ ይፈትሻል። 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ጥሩነቱ፣ ተባዩ ከዊንዶውስ ጋር ተነስቶ የሚደበቅበት ጊዜ አያገኝም። መብራት የሚያስቸግርበት ሰዓት ላይ ግን አትጀምሪው።

ሲያልቅ ሴቲንግስ ውስጥ "አፕስ"ን ከፍተሽ በተጫኑበት ቀን ደርድሪያቸው። ቅዳሜ የገባውን ሁሉ አጥፊ። የ"5 ቫይረስ" ጩኸቱ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ እንኳ አይደለም። ልጁ የሆነ ገጽ ላይ "አላው" ብሎ የፈቀደው የክሮም ማሳወቂያ ነው። ክሮም ሴቲንግስ ውስጥ "ኖቲፊኬሽንስ" ብለሽ ፈልጊና የማታውቂውን ገጽ ከዝርዝሩ አውጪ። ኤክስቴንሽኖቹንም እዚያው እያለሽ እዪአቸው።

መልስ፦ የሰፈር ልጅ

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ፎርማት አድርጊው፣ ይገላግልሻል።

መልስ፦ ጠጋኙ

ፎርማት ብታደርግ እኔም ብር አገኝበታለሁ ወንድሜ። ግን ዊንዶውሱ ያለበት ሲ ብቻ ፎርማት ተደርጎ ዲ ላይ ያለው ፎልደር እንዳለ ከተቀመጠ፣ ልጁ በማግስቱ ያንኑ ፋይል ይጫነዋል። ደግሞ ፎርማት የሚያደርግልሽ ሰው ዊንዶውሱን በምን አክቲቬት እንደሚያደርገው ጠይቂ። በክራክ፣ ማለትም የሚከፈልበትን ፕሮግራም ቁልፉን ሰብሮ በነፃ በሚያስነሳ ነገር ከሆነ፣ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ኦፍላይን ስካኑ ካላጸዳው ግን እኔም ፎርማት እላለሁ።

መልስ፦ ክራክ የቀመሰ

ክራክ ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም። የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ክራክ አወረድኩ። አብሮት የመጣው ጽሑፍ "ከመጫንህ በፊት አንቲቫይረስህን አጥፋ" ይላል። አጠፋሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የእህቴ ሰርግ ፎቶዎች ሁሉ ስማቸው መጨረሻ ላይ የማይነበብ አራት ፊደል ተለጠፈባቸው፤ አንዱም አይከፈትም። በየፎልደሩ "ሪድሚ" የምትል የጽሑፍ ፋይል ተቀምጣለች፦ 980 ዶላር ክፈል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከከፈልክ 490 ዶላር። ቅናሽ መሆኑ ነው እንግዲህ!

ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለው ራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ተባይ፣ ነበር። ዋና መንገዱ ክራክ ነው። ኤምሲሶፍት የሚባለው የአንቲቫይረስ ኩባንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ለብዙዎቹ ዓይነቶች ነፃ መፍቻ አውጥቷል፤ የኔው ቁልፍ ግን የሚፈታ ዓይነት ሆኖ አልተገኘም። አልከፈልኩም። ከሰርጉ የቀረን በአጎቴ ስልክ የተነሳው ነው፤ ግማሹ የጣቱ ፎቶ ነው።

እንዲህ የገጠመው ሰው "ኖ ሞር ራንሰም" የሚለውን ገጽ ይሞክር። የኔዘርላንድ ፖሊስና ዩሮፖል ከደህንነት ኩባንያዎች ጋር በ2016 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ነው፤ መፍቻዎቹ በነፃ ናቸው።

መልስ፦ ጡረተኛው

ልጄ፣ ስለ ወደፊቱ ጠይቀሻልና እኔ በዚያ በኩል ልምጣ። ከቶረንት ይምጣ ከፍላሽ፣ የማትፈልጊው ፋይል ዲስክሽ ላይ ተኝቶ ብዙ ጉዳት አያደርስም። ጉዳቱ የሚጀምረው ሰው ሁለቴ ሲጫነው ነው። ሰው የሚጫነው ደግሞ ምን እንደሆነ ስለማያይ ነው። ዊንዶውስ ከጥንት ጀምሮ የፋይል ስም መጨረሻን ይደብቃል። ፋይሉ ጋቢ ተከናንቦ ይመጣል፤ አንቺ የምታዪው ጋቢውን ነው።

ጋቢውን ግፈፊው። ማንኛውንም ፎልደር ክፈቺ። ከላይ "ቪው" የሚል አለ፤ እሱን ተጭነሽ "ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። አሁን ያንን ፎልደር መልሰሽ እዪው። ፊልም የመሰለሽ ነገር ስሙ "ኤምፒ4" ብሎ ካበቃ በኋላ ነጥብ አድርጎ "ኢኤክስኢ" ሲል ታገኚው ይሆናል፤ ፊልም ሳይሆን ፕሮግራም ነው ማለት ነው። የፎልደር ምስል ለጥፎ ፎልደር ያልሆነም አለ። እኔ ከፎቶኮፒ ቤት በተመለሰ ፍላሼ ላይ አይቻለሁ፤ የራሴን ፎልደር ስም እንኳ ሳይሳሳት ጽፎታል።

ፊልም በኤምፒ4፣ በኤምኬቪ ወይም በኤቪአይ ያልቃል። የግርጌ ጽሑፉ በኤስአርቲ። ኢኤክስኢ፣ ኤስሲአር፣ ኤምኤስአይ፣ ባት፣ ቪቢኤስ፣ ኤልኤንኬ የሚል ከፊልም ጋር ምን ሥራ አለው? መጠኑንም እዪ፤ 2 ሜጋ የሆነ ሙሉ ፊልም የለም። በፓስወርድ የተቆለፈ ዚፕ ከመጣም ጠርጥሪ። አንቲቫይረሱ ፓስወርዱን ስለማያውቅ ውስጡን ማየት አይችልም፤ የሚቆለፈውም ብዙ ጊዜ ለዚሁ ነው።

ያጠራጠረሽን ቫይረስ ቶታል የሚባል ገጽ ላይ ጫኚው። ከ70 በላይ አንቲቫይረሶች በአንድ ጊዜ ያዩታል፤ እስከ 650 ሜጋ ይቀበላል። የሱቆቹን ሒሳብ ግን እንዳትጭኚ። እዚያ የገባ ፋይል ለሌሎችም ይደርሳል።

መልስ፦ ዋና ገመድ

ጋሼ፣ በትክክል ብለዋል፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ማንም ሳይጫነው የሚገባም አለ። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር ከ150 በላይ አገሮችን ያዳረሰው ከማሽን ወደ ማሽን በራሱ እየዘለለ ነው። መግቢያው ፎልደር ሼር የምናደርግበት የዊንዶውስ አሮጌው መንገድ፣ ኤስኤምቢ 1 ነበር። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር። የተመቱት አፕዴት ያላደረጉት ናቸው።

ስለዚህ እህቴ፣ "ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ" የሚለውን ፈልገሽ ክፈቺና ኤስኤምቢ 1 ላይ ምልክት ካለ አንሺው። ደግሞ ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ማሽኑ 11ን የሚችል ከሆነ አሸጋግሪው።

ወደ ሼር ፎልደሩ ልምጣ። "ኤቭሪዋን" ብለሽ "ፉል ኮንትሮል" ሰጥተሽው እንደሆነ እገምታለሁ። ሁላችንም እንዲሁ ነው የምናደርገው፤ ቶሎ ስለሚሠራ። ትርጉሙ ግን ዋይፋዩ ውስጥ ያለ ማንኛውም ማሽን ያሻውን ያስገባል ነው። የዋይፋዩን ፓስወርድ ስንት ሰው ያውቀዋል? የጎረቤትሽ ልጆች? የልጆቹ ጓደኞች? "ሪድ" ብቻ አድርጊው። እሳቸው ካንቺ ይወስዳሉ፣ አያስገቡም። አንቺም ከሳቸው እንዲሁ። ቶረንቱ የሚያወርድበት ፎልደር ደግሞ ከሼሩ ውጭ ይሁን። አይተሽ የወደድሽውን ብቻ ወደ ሼሩ ታዞሪያለሽ።

ማን እንዳስገባው ለማወቅ ሰው መጠየቅ የለብሽም። ፋይሉን ሳትከፍቺ በቀኝ ተጫኚና "ፕሮፐርቲስ"፣ ከዚያ "ዲቴልስ" በይ። "ኦነር" የሚለው ላይ የማን አካውንት እንደፈጠረው ተጽፏል። ሰዓቱም አለ።

መልስ፦ ቶረንቴ

የምን ቶረንት ነው የሚጠቀመው? ዩቶረንት ከሆነ አውጪው። በ2015 እ.ኤ.አ. ኤፒክ ስኬል የሚባል፣ በሰው ኮምፒውተር ዲጂታል ገንዘብ የሚቆፍር ፕሮግራም አብሮ ይጭን ነበር። ሰው ሲጮህ ነው የተወው። እኔ ኪውቢትቶረንት ነኝ፤ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም። ከራሱ ገጽ አውርዱት። ጎግል ላይ ከላይ የሚመጣው አንዳንዴ ማስታወቂያ ነው።

ፋይሉ መውረድ ከመጀመሩ በፊት ዝርዝሩን ያሳያል። ፊልሙንና የግርጌ ጽሑፉን ትተሽ ሌላው ላይ ያለውን ምልክት አንሺ። እነሱ ጭራሽ አይወርዱም። ስለ ኮዴክ፣ ማለትም ፊልም እንዲከፈት ስለሚያግዘው ፕሮግራም ደግሞ፣ ቪኤልሲ የሚባለው የፊልም ማጫወቻ ካለሽ ኮዴክ ጫን የሚልሽን ሁሉ አትመኚው። ቪኤልሲ ያልከፈተው ፊልም ፊልም አይደለም ማለት ይቻላል። የልጅሽም 1.4 ጊጋ ባዶ ማጥመጃ ሳይሆን አይቀርም።

ፓኬጅ የምትጠቀሙ ሰዎች ደግሞ፣ ቶረንት አውርዶ ሲጨርስ መላክ እንደሚቀጥል አትርሱ። ጊጋችሁ በዚያ በኩልም ያልቃል።

መልስ፦ ካሜራ ያዥ

ሁላችሁም ስለ ቫይረስ አወራችሁ። ፊልሙም የሰው ሥራ መሆኑ ይታወስ፤ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 የሚባል ነገር አለን። ቶረንት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ እንደ ኡቡንቱና ሊብሬኦፊስ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞችም በቶረንት ይወርዳሉ። የእኛን ፊልም ግን እባካችሁ ተዉልን።

መልስ፦ የልደታዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠጋኙ እንዳለው አደረግኩ። ኦፍላይን ስካኑ ሦስት ነገር አገኘ፤ ፋኑ ዝም ብሏል። የክሮም ማሳወቂያ ዝርዝር ውስጥ አሥራ አንድ ገጽ ነበር፣ ሁሉም "አላው" የተባለ። ለልጄ ለብቻው "ስታንዳርድ" አካውንት ከፈትኩለት። ፕሮግራም ልጫን ሲል የኔን ፓስወርድ ይጠይቀዋል። አኩርፏል።

አሁን ጉዴን ስሙ። ጋሼ እንዳሉት ኤክስቴንሽኑን ሳወጣው፣ ሼሩ ውስጥ ያሉት እንግዳ "ፎልደሮች" አምስቱም ኢኤክስኢ ናቸው። "ኦነር" የሚለውን አየሁ። የኔ ስም ነው! ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ከ40። ልጄ ኮዴኩን የጫነበት ሰዓት። ከኔው ማሽን ወጥተው ነው ሼሩ ውስጥ የተቀመጡት። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤቴን ደረጃ ላይ ሳገኛቸው ፊቴን አጨፍግጌ ነው የማልፋቸው።

ትናንት ቡና አፍልቼ ጠራኋቸውና ነገርኳቸው። ሳቁ። "ከነዚህ ውስጥ የነኩት አለ?" አልኳቸው። "አንዱ አልከፈት ስላለኝ ደጋግሜ ነክቼዋለሁ" አሉኝ። ላፕቶፓቸው ውስጥ የጡረታ ወረቀታቸው ሁሉ አለ። አሁን ምን ላድርግላቸው?

መልስ፦ ጠጋኙ

ዛሬውኑ ከዋይፋዩ ይውጡ። ወረቀቶቹን በሌላ ፍላሽ ገልብጪላቸው፤ ያንቺ መሳቢያ ውስጥ ያለው ፍላሽ እንዳይሰካ! ከዚያ ለሳቸውም ያንኑ ኦፍላይን ስካን። ሼር ፎልደሩን ሁለታችሁም ንጹሕ እስክትሆኑ ዝጉት። ካልጸዳ ላፕቶፑን ስታዲየም ይዘሽልኝ ነይ፤ ቡናውን ስለሰማሁ ዋጋ ላይ እንነጋገራለን።