ልጆቹ ያመጡትን ባልጩት ምን ላድርገው?

ሰላም ወገኖቼ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የ6ኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ለቤት መሠረት ከተቆፈረ ጉድጓድ ጥቁር ባልጩት አመጡልኝ። ጠርዙ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ በአንድ በኩል የተጠረበ ይመስላል። መልካ ቁንጡሬ እንደተገኙት የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያዎች ዓይነት ይሆን?

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቅ፣ እስኪረከቡትም ይጠብቀው ይላል። እሱን አደርጋለሁ። የጨነቀኝ ሌላ ነው። ልጆቹ ጉድጓዱን ቀርጸው ቲክቶክ ላይ ለቀቁት። አሁን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዶማ ይዞ እዚያው ነው! ግን ደግሞ በዚያ ቪዲዮ ሰበብ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ የማትል ልጅ እንኳ ዛሬ ሦስት ጥያቄ ጠየቀችኝ።

ጉጉታቸውን ሳልገድል ቁፋሮውን እንዴት ላስቁም? ቪዲዮውን ላስጠፋቸው? ድንጋዩስ እኔ ጋ ይቆይ ወይስ ቦታው ልመልሰው? የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ።