የሚትራል ቫልቭ መፍሰስ፦ ሕመም ሳይሰማት ቀዶ ሕክምና ለምን?

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)

ጤና ይስጥልኝ። የ24 ዓመት እህቴ በልጅነቷ ይመላለስባት የነበረው ቶንሲል ልቧን ነክቶት ሩማቲክ የልብ ሕመም አለባት፤ በግራው የልብ ክፍል በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው በር (ሚትራል ቫልቯ) በደንብ ስለማይገጥም ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ትወጋለች፣ ፈሳሽ በሽንት የሚያስወጣውን ላሲክስንም ትወስዳለች። ሥራዋን ትሠራለች፣ ደከመኝም አትልም። በቅርቡ በተነሣችው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ላይ ግን ፍሳሹ «ከባድ»፣ ኢጀክሽን ፍራክሽኑ (ልብ በአንድ ምት የሚረጨው የደም ድርሻ) 58 በመቶ፣ የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ተኮማትሮ ሳለ ስፋቱ 42 ሚሊ ሜትር ተብሎ ተጽፏል። ሐኪሟ ለቀዶ ሕክምና ትዘጋጅ ብለዋል። ቤተሰቡ 58 በመቶ ጤናማ ቁጥር ነው ብሎ ስለሚያምን አግብታ እስክትወልድ ቢቆይ ይመርጣል። አሜሪካ ያለው አጎታችን ደግሞ ደረት ሳይከፈት በደም ሥር ገብቶ ቫልቩን በሚቆነጥጥ ክሊፕ ይሠራል ይላል። የምታውቁ ብታስረዱን።

መልስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

እህትዎን ሳልመረምር የምጽፈው የሐኪሟን ውሳኔ አይተካም። ሆኖም 58 በመቶ ቫልቩ ለሚፈስ ሰው የሚነበበው ቫልቩ ጤናማ ለሆነ ሰው እንደሚነበበው አይደለም። የታችኛው ክፍል ሲኮማተር ደሙን ከፍተኛ ግፊት ወዳለበት አኦርታ ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛ ግፊት ወዳለበት የላይኛው ክፍልም ስለሚገፋ፣ ወደ ኋላ የተመለሰው ደም ጭምር እንደተረጨ ይቆጠራል፤ ጡንቻው እየደከመ ሳለ ቁጥሩ ደህና የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ፍሳሹ ሲዘጋ ይህ ማስተንፈሻ ስለሚቀር ቁጥሩ ይወርዳል፣ ብዙ የተጠበቀበት ልብም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ድካሙ ሊቀርለት አይችል ይሆናል። ስለዚህም የአሜሪካም የአውሮፓም የልብ ሕክምና መመሪያዎች ፍሳሹ ከባድ ሆኖ ኢጀክሽን ፍራክሽኑ 60 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን፣ ወይም ያ ስፋት 40 ሚሊ ሜትር ሲደርስ፣ ምልክት ባይኖርም ቀዶ ሕክምናን ይመክራሉ። እህትዎ በሁለቱም በኩል ደርሳለች።

ደከመኝ አለማለቷም ብዙ አያጽናናኝም፤ ላሲክስ በሳንባ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ያቃልላል እንጂ ቫልቩን አይገጥመውም፣ ወጣት ሕሙማንም ሳይታወቃቸው እርምጃቸውን ከልባቸው ጋር እያመጣጠኑ ይኖራሉ። እርግዝና ደግሞ የደሙን መጠን እስከ ግማሽ ድረስ ስለሚጨምር፣ የደከመ ልብ ይዞ መውለድ ከቀዶ ሕክምናው የባሰ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ክሊፑን በተመለከተ፣ በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የተፈቀደው ቫልቫቸው ለላላና ደረታቸውን መክፈት እጅግ አስጊ ለሆነባቸው ሕሙማን ነበር። የሩማቲክ ቫልቭ ብዙውን ጊዜ የወፈረና የተኮማተረ በመሆኑ ክሊፑ መክፈቻውን ሊያጠበው ይችላል።

መልስ (ቫልቭ የተተካላት)

እህቴ፣ የመውለዱን ነገር ከቀዶ ሐኪሙ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፣ የሚገባው ቫልቭ በእሱ ላይ ይመሠረታልና። መጠገን ከተቻለ የሚመረጠው እሱ ነው፤ በእኛ ሕመም ግን ሁልጊዜ አይሳካም። የብረት ቫልቭ ብዙ ዓመት ቢያገለግልም ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን (የደም መርጋት መከላከያ) መዋጥንና አይኤንአር (ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳይ ቁጥር) መለካትን ያስከትላል፣ ዋርፋሪኑም በተለይ በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን ባይጠይቅም በወጣት ሰው ላይ ቶሎ ያረጃል። እኔ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እንደሚጠብቀኝ እያወቅሁ ይህንኑ መረጥሁ፣ ልጅም ወለድሁ። የሌላዋ ምርጫ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ አይኤንአር የሚለካበት ቦታ ቅርቧ የሆነና መውለድ የማትፈልግ ሴት የብረቱን ብትመርጥ አልገረምም። ከአፍ የሚነሣ ጀርም አዲሱን ቫልቭ እንዳይበክለው ጥርሷን ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ታሳክም፤ እኔንም መጀመሪያ የላኩኝ ወደ ጥርስ ሐኪም ነበር።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናታችን ቫልቩ ከተተካ የፔኒሲሊኑ መርፌ ይቀራል ብላ ተስፋ አድርጋለች። ይቀራል?

መልስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

አይቀርም። መርፌው የሚከላከለው ሩማቲክ ትኩሳት ተመልሶ ሌሎቹን ቫልቮች እንዳይጎዳ ነው፤ ቫልቩ ለተጎዳ ሰው ቢያንስ እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ይቀጥላል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ያልፋል። ቫልቩ ከተተካ በኋላ ጥርስ ስታስነቅል ደግሞ፣ ከወርሃዊው መርፌ ሌላ፣ አስቀድማ የምትወስደው ፀረ ባክቴሪያ ስላለ ለጥርስ ሐኪሟ ሁልጊዜ ትናገር።