ከሰላም ዩኒቨርሲቲ ያገኘሁትን ዲግሪ አቻነት ለማስወሰን እርዳታ እፈልጋለሁ

በኮስታሪካ ከሚገኘው የሰላም ዩኒቨርሲቲ በሰላም ትምህርት የማስተርስ ዲግሪ አግኝቻለሁ። የአቻነት ማረጋገጫ እንዲሰጠኝ ያመለከትኩበት መሥሪያ ቤት ግን ተቋሙ ከአገሩ የትምህርት ሚኒስቴር ያገኘውን የዕውቅና ደብዳቤ እንዳቀርብ ጠይቆኛል። ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 35/55 ሲሆን፣ የማስተርስና የዶክትሬት ዲግሪ የመስጠት ሥልጣኑም የሚመነጨው ከውሳኔው ጋር ከጸደቀው ቻርተር እንጂ ከአንድ አገር ሕግ አይደለም፤ ይህንንም በቃል ባስረዳም ተቀባይነት አላገኘሁም። የተማርኩትን መልሼ የማስተምርበት ሥራ በዚህ ማረጋገጫ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ ጉዳዩ እጅግ ያሳስበኛል። ተመሳሳይ ሁኔታ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ የውሳኔውንና የቻርተሩን ቅጂ ማያያዝ በቂ ነው ወይስ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለመሥሪያ ቤቱ በቀጥታ እንዲጽፍ መጠየቅ ይኖርብኛል? ደብዳቤው ምን ምን ሊይዝ እንደሚገባም ብትጠቁሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ።