የእሑድ ጎልፍ ተጫዋች ስንት ይመታል?

ሐይቅ፦ ሰላም የወሎ ልጆች። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ቅዳሜ ጎልፍ እንሂድ ሲሉ ብዙዎቻችን «አልችልም» ብለን እንቀራለን። ለመሆኑ የሚችል የሚባለው ስንት የሚመታው ነው? ቴሌቪዥን ላይ እንደሚታየው ከሆነ ገና ከበሩ መመለሳችን ነው።

ቦርከና፦ አብሽሪ እታለም፣ ቴሌቪዥኑን እርሺው። ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ብዙ ጊዜ ፓሩ 72 ነው፤ ጎበዝ ተጫዋች ሜዳውን የሚጨርስበት የምት ልክ ማለት ነው። በየጉድጓዱ አንድ አንድ ምት የጨመረ 90 ይመታል፣ ሁለት ሁለት የጨመረ 108። የእሑዱ ተጫዋች መንደሩ በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። የሃንዲካፕ (ለደካማ ተጫዋች ከምቱ የሚቀነስለት) ጣሪያውም 54 ነው፣ ያም በየጉድጓዱ ሦስት ምት ምሕረት እንደማለት።

«በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ» ይባል የለ? እዚህም አለቃ በመጥፎ ምት አይቆጣም። የሚቆጣው ሲጠብቅ ነው። ሒሳቡን እዪው፦ አራት ሰው እያንዳንዱ 100 ምት ሲመታ፣ በየምቱ 15 ሰከንድ ብቻ ቢያባክን 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። አራት ሰዓት ተኩል ብቻ መፍጀት የነበረበት ጨዋታ ከስድስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ከኋላ ያለው ቡድንም ወገቡን ይዞ ቆሞ ያያል።

ስለዚህ ኪስ ውስጥ ሁለት ትርፍ ኳስና ቲ (ኳሷ የምትቀመጥባት ትንሽ ችንካር) ይኑር። ተራሽ ሲደርስ ምቱ በ40 ሰከንድ ውስጥ ይለቅ። የጠፋ ኳስ የሚፈለገው 3 ደቂቃ ነው፤ እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ 5 ነበር፣ አንዳንድ ሽማግሌ ዛሬም በድሮው ነው የሚሄደው። ኳሷ የምትጠፋ ከመሰለሽ እዚያው ቆመሽ «ተጠባባቂ ኳስ ነው» ብለሽ ሌላ ምቺ። ሳትናገሪ ከመታሽ ግን የመጀመሪያዋ ብትገኝ እንኳ አትቆጠርም። ለወዳጅ ጨዋታ የፓሩን እጥፍ ከደረስሽ ኳሷን አንስተሽ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው፣ የሚቀየምሽ የለም። ነጥብ የሚጻፈውም ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) ላይ ቆሞ አይደለም፤ የሚቀጥለው መነሻ ላይ ነው። መነሻውንም ለጉድጓዱ ከሚቀርበው፣ ፊተኛው ቲ ከሚሉት ቦታ አድርጊው። ወንድ ጀማሪም ቢሆን ከዚያ መጀመሩ ነውር የለውም።

ጦሳ፦ ጋሽ ቦርከና ስለ ምቱ አላነሱም፣ እኔ ልጨምር። የገና ጨዋታ የለመደ እጅ አንድ ጠባይ አለው፤ ጥንጓን እየሮጠ ነውና የሚያገኛት፣ ክንዱን ወደ ራሱ እየጎተተ ይመታል። የጎልፍ ኳስ ግን ቆማ ትጠብቃለች። በዚያ አመታት ኳሷ ወደ ቀኝ ታጥፋ ጫካ ትገባለች። ስላይስ የሚሉት ይኼ ነው፣ የጀማሪ ሁሉ በሽታ ነው።

ምክንያቱ የዱላው ፊት ኳሷን ሲነካ፣ ዱላው ከሚጓዝበት መስመር ወደ ቀኝ ተከፍቶ መገኘቱ ነው። ሰው ይኼን ሲያይ ምን ያደርጋል? ኳሷ ቀኝ ስለምትሄድ ትከሻውን ወደ ግራ ያዞራል። ዱላው ያን ጊዜ ከውጭ ወደ ውስጥ ጭራሽ ይቆርጣል፣ ኩርባው ይብሳል። መድኃኒቱ መጀመሪያ አያያዝ ላይ ነው፦ ቁልቁል ስታዩ የግራ እጃችሁ ሁለት አንጓ ይታይ፤ አንድ ብቻ ከታየ ፊቱ ይከፈታል። ቀጥሎ የድራይቨሩን (ለሩቅ ምት የሚያዘው ትልቁ ዱላ) ቆብ ከኳሷ ውጭ በኩል፣ ትንሽ ወደ ኋላ መሬት ላይ አስቀምጡ። ከውጭ የመጣ ዱላ ቆቡን ይመታዋል፣ ሌላ አስተማሪ አያስፈልግም። ድራይቨሩ እስኪገራ በ7 ቁጥር ብረት (መካከለኛ ዱላ) መለማመድ ይሻላል።

ፓተር (ግሪኑ ላይ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የሚገፋው ዱላ) ላይ አትሰስቱ። በየግሪኑ ሁለት ሁለት ብቻ ቢገፋ እንኳ 36 ምት ነው። የጉድጓዱ አፍ 108 ሚሊሜትር ነው፤ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ሲኒ አጋድሞ መለማመድ ይበቃል።

ከሚሴ፦ ዱላውስ? ሙሉውን ግዙ ይላሉ። ደግሞ ከጨዋታ በኋላ መጠጡና ውርርዱ ለእኛ ቢጤ እንዴት ነው?

ቦርከና፦ ደንቡ እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፣ ለጀማሪ 7 ይበቃል፦ ድራይቨር፣ አንድ ሃይብሪድ (ለረዥም ምት)፣ 7 እና 9 ቁጥር ብረት፣ ፒቺንግ ዌጅ (ለአጭር ምት)፣ ሳንድ ዌጅ (ለአሸዋ)፣ ፓተር። ያገለገለ ይሁን። ኳስም ውድ አትግዛ፣ ለጫካና ለኩሬ ነው።

ውርርዱ ብዙ ጊዜ «ናሳው» ነው፤ የመጀመሪያው 9፣ የኋለኛው 9 እና ጠቅላላው ለየብቻ ይወራረዳሉ። «ገንዘብ አልጫወትም፣ ነጥብ ግን ያዙልኝ» ከመነሻው በፊት ይባል፤ መሐል ላይ ሲሆን ያስቀይማል። መጠጡ ቀላል ነው፣ አርኖልድ ፓልመር በል። ቀዝቃዛ ሻይና ሎሚናት ነው፣ አልኮል የለውም። ጆን ዴሊ የሚሉት ግን ያው ቅልቅል ቮድካ ገብቶበት ነውና ስሙን አታምታታ።

ላስታ፦ ለዴንቨር ልጆች፦ ከተማው 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፣ ኳሷም 10 በመቶ ያህል ትርቃለች። እዚያ 150 ሜትር የሚሄድላችሁ ዱላ ባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ 136 አካባቢ ነውና እዚያ ስትጫወቱ ቁጥሩ በአንድ ያነሰ፣ ረዘም ያለ ዱላ ያዙ። ደሴ ሜዳ ቢኖር ኳሷ ከዴንቨርም ይበልጥ ትርቅ ነበር።

ሐይቅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ግራኝ ለሆነ ሰውስ?

ጦሳ፦ የግራኝ ዱላ አለ፤ ያገለገለ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ግን ጥቂት ነውና ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ። ስላይሱ ይገለበጣል፣ ኳሷ ወደ ግራ ነው የምትታጠፈው። አንጓውንም ከቀኝ እጅሽ ላይ ቁጠሪ።